አትቀመጡ በሚል ቤት፣ አንቀመጥም ያልን ሽማግሌዎች

ሽማግሌ የሚላከው አንደበት ስላለው ነው የሚላችሁ ሰው ካለ፣ አንድ ቀን እንኳ ተልኮ አያውቅም ማለት ነው። ሽማግሌ የሚላከው ጉልበት ስላለው ነው! የልብ ብርታት ማለቴ አይደለም… ይኼን፣ ከሱሪ ሥር ያለውን፣ ደረጃ ሲያይ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያቃስተውን ጉልበት ነው የምላችሁ። አንደበትማ ተቀምጦም ይሠራል።

መቼ ነበር? እሱን አትጠይቁኝ። በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለችውን ቁጥር ልጨምር ብል ውሸት ይሆንብኛል። በረዶ የጣለበት ሳምንት ነበር ብል ደግሞ ለካልጋሪ ከተማ ሰው ምንም አልነገርኩትም፤ መስከረምም ሊሆን ይችላል፣ ግንቦትም። ጥቅምት ነበር እንበልና እንለፈው። ዛሬ ኮርነርስቶን የምትሉት ሰፈር ያኔ እርሻ ነበር፤ እኔም ያኔ ሁለቱም ጉልበቶቼ እግዜር የሰጠኝ ነበሩ።

የምኖረው ኤሪን ውድስ ሰፈር ነበር። ከኔ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ሄኖክ የሚባል ልጅ ይኖራል፤ ኤርድሪ በምትባለው ጎረቤት ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ጠዋት ወደ ሺፍቱ ከመሄዱ በፊት የኔን ደጅ በረዶ ጠርጎ ነው የሚሄደው። አልወለድኩትም። ግን በዚህ አገር ሳትለምነው በረዶህን የሚጠርግልህ ሰው ልጅህ ካልሆነ፣ እኔ ልጅ ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም።

ይኼ ሄኖክ ሊንዳ የምትባል የፈረንጅ ልጅ ወደደ። ነርስ ናት፤ ሳቂታ፣ ሽሮ ስትበላ ጣቷን የምትልስ። ሁለቱ ተስማምተው ጨርሰዋል፤ ቀለበትም ተገዝቷል። የቀሩት የሄኖክ እናት ናቸው። እሳቸው አገር ቤት ሆነው በስልክ እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ ፈረንጅ ናት ብዬ አልከለክልህም። ሰው ናት። ሰው ደግሞ አባት አለው። ሽማግሌ ልከህ አባቷ እሺ ካላለ ምርቃቴን እንዳትጠብቅ። ያለ እናት ምርቃት የቆመ ቤት ደግሞ… ተወው፣ አልናገርም።»

እናት «አልናገርም» ካለች ሁሉን ተናግራለች። ልጁ ረቡዕ ዕለት ቤቴ መጥቶ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ቆመ።

«ጋሼ፣ እማዬ ቅዳሜ ማታ ትደውላለች። እሺ ተብያለሁ ካላልኳት ሠርጉ ቀረ። ያለሷ ምርቃት አላገባም። ሊንዳን ደግሞ ታገሺኝ ታገሺኝ እያልኩ እስከ መቼ?»

«ለዚህ ነው እንዴ እንዲህ የጠቆርከው? እኛ ምን ሠርተን እንበላለን!» አልኩት። አያችሁ? አንደበት ተቀምጦ እንዲህ ይሠራል።

ሽማግሌ ሦስት ነው። አንዱ እኔ ወንድሙ። ሁለተኛው ጋሽ በላቸው። በላቸው አገር ቤት ዳኛ ነበርኩ ይላል፤ እዚህ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል። አልጠራጠረውም። በዚህ ከተማ የማውቃቸው ሽማግሌዎች በሙሉ አገር ቤት ወይ ዳኛ ወይ ዳይሬክተር ነበሩ፤ ዘበኛ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ያን ሁሉ ዳይሬክተር ብቻዬን ጠብቄ እንዴት ዕድሜዬ እንዳላጠረ ይገርመኛል! ሦስተኛው ወንድም ጌታሁን ነው። ሃምሳ ዓመት አልሞላውም፣ ለሽምግልና ገና ለጋ ነው። ነገር ግን እንግሊዝኛና ቫን አለው። እኔና በላቸው ሁለቱም የሉንም።

ሄኖክ ጠየቀ፤ «ሊንዳ ለአባቷ ምን ብላ ትንገረው?»

በላቸው ተቆጣ። «ምንም! ጉዳዩ ቀድሞት የሚሄድ ሽማግሌ፣ ሽማግሌ ነው ፖስታ? ሦስት ሰዎች ሊያዩህ ይፈልጋሉ ትበለው። በቃ።»

እሷም እንደታዘዘችው አለች። አባትየው «ቅዳሜ እዚህ ቦታ ነኝ፣ ይምጡ» ብሎ አድራሻ ሰጠ። ስለ ሰውዬው የምናውቀው ስሙ ዳግ መሆኑንና ጡረታ መውጣቱን ብቻ ነው። ደንቡ ደግሞ ሙሽራው አይሄድም፤ ሙሽራይቱ ሺፍት አለባት። ስለዚህ ሦስታችን ብቻ፣ ሱፋችንን ለብሰን፣ ከሱፉ በላይ ነጭ ኩታ ደርበን፣ ባርኔጣ ደፍተን፣ በጌታሁን ቫን ወደ ደቡብ ነዳን።

ጌታሁን ጴንጤ ነው፤ እኔና በላቸው ኦርቶዶክስ ነን። ከከተማው ስንወጣ «ወንድሞች፣ ጉዳዩን በጸሎት እንስጠው» አለና ጀመረ። ዐይኑን ሊጨፍን ነው ብዬ እኔም የራሴን ጸሎት በልቤ ጀመርኩ፤ የኔው ስለ መሪው ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ወደ ወንዙ ዳር ስንታጠፍ… እናንተዬ! የድንጋይ ምሰሶ ያለው በር። ከበሩ ወዲያ ዛፍ በግራና በቀኝ የተሰለፈበት መንገድ። ከመንገዱ ወዲያ ቤት… ቤት ብቻ? መስኮቱን አሥራ አራት ድረስ ቆጥሬ አንገቴን ስላመመኝ ተውኩት። ከቤቱ ጀርባ ጋጣ፣ የመስታወት ቤት፣ ሜዳ፣ ጉብታ፣ ዐይን እስኪደክም መሬት።

በላቸው የቫኑን መስኮት በትንፋሹ አጨለመው።

«ወንድሙ… ይኼ ልጅ የማንን ልጅ ነው የወደደው?»

«ነርስ ናት ነው ያለን።»

«ምን ነርስ! ይኼ የመስፍን ግቢ ነው! ለዚህ ግቢ የሚሆን ንግግር አላመጣሁም።»

በሩ ላይ አንድ ሰውዬ ወጣ። የጥንት ሰደርያ፣ ክብ ባርኔጣ፣ ከደረቱ እስከ ኪሱ የወርቅ ሰንሰለት። ሰንሰለቱን ስቦ ሰዓት አወጣ፣ አየ፣ መለሰ። በላቸው ከቫኑ ሳይወርድ እጅ መንሳት ጀመረ።

ሰውዬው ዳግ ነበር፤ የሊንዳ አባት። እኛ ለሱ ምን እንደመሰልነው ኋላ ነው የገባን፤ እናንተ ግን ከኛ ጋር ስትንከራተቱ እንዳትውሉ አሁኑኑ ልንገራችሁ። ቦታው ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈው የአንድ እንግሊዛዊ ባለከብት ጌታ ግቢ ነው። ዛሬ የጎብኝ ቦታ ሆኗል፤ ዳግ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ የሚያስጎበኝ ጡረተኛ ነው። በዚህ አገር ደግሞ ሦስት ሽማግሌ በአንድ መኪና ሲወርድ ከታየ ለሽርሽር ነው፤ ሌላ ሥራ ይኖረዋል ብሎ የሚጠረጥር የለም። በዚያ ላይ በበረዶው ምክንያት ሌላ ጎብኝ አልመጣለትም። ሲያየን ዐይኑ በራ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! ለእግር ጉዞ ዝግጁ ናችሁ?» አለ።

ጌታሁን ተረጎመ። በላቸው ለኔ ሹክ አለኝ፤ «ሀብቱን ሊያሳየን ነው። የምትጠይቁት ልጅ ከምን ቤት እንደሆነች እዩ ማለቱ ነው። ጥሩ አባት ነው!»

ወደ ውስጥ ገባን። አሁን ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ተሰምቶ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ውኃም አይቀምስም። ቆሞ ነው የሚለምነው። አባትየው «ተቀመጡ እንጂ» ሲል «የለም፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይባላል፤ ነገሩ የሚከፈተው በዚህች በር ነው። በላቸው ይህችን ቃል በአፉ ይዞ ተቀመጡ እስኪባል ይጠባበቃል። እኔም ወንበሮቹን አየሁ፤ ቬሎ የመሰለ ጨርቅ የለበሱ፣ እግራቸው የአንበሳ እግር። በእያንዳንዱ ወንበር ላይ ግን ቀይ ገመድ ታስሯል።

ዳግ ወደ ገመዱ እያመለከተ አንድ ነገር አለ። በላቸው ጌታሁንን በክርኑ ጎሸም አደረገው።

«ምን አሉ?»

«ጋሼ… እባካችሁ አትቀመጡ ነው የሚሉት።»

ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ፣ አትቀመጡ የሚል ቤት አንቀመጥም የሚል ሽማግሌ ሲገጥመው ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል። በላቸው ግራ ተጋባ፤ ዳኛ ግን አይረታም። ደረቱን ነፍቶ «እኛም አንቀመጥም!» አለ። ጌታሁን ተረጎመለት። ዳግ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነ። እንዲህ ያለ ጨዋ ጎብኝ ገጥሞት እንደማያውቅ በፊቱ ላይ ይነበባል።

ከክፍል ወደ ክፍል ወሰደን። የጌትዮው ጫማ ማውለቂያ፣ የጌትዮው ቧንቧ፣ የጌትዮው ሚስት ማበጠሪያ። አንዱ ክፍል ውስጥ በመስታወት ሳጥን፣ መብራት በርቶለት፣ እንደ ዘውድ የተቀመጠ ነገር አለ። ቀረብ ብዬ አየሁት። ፖፖ ነው! እውነት እላችኋለሁ፣ ሰውዬው ሌሊት የሚሸናበት ፖፖ። እኛ አገር እንኳን የጌታ፣ የንጉሥ ቢሆን በጠዋት ተወስዶ ይደፋል እንጂ ተሰልፎ አይታይም።

በየክፍሉ በላቸው ጉሮሮውን ይጠርጋል። «የተከበሩ አባት፣ እኛ ዛሬ የመጣነው…» ሲል ዳግ ሰዓቱን ያወጣል፣ ያያል፣ «በዚህ በኩል እባካችሁ!» ብሎ ይቀድማል። ጌታሁን አላስችል አለው።

«ጋሽ በላቸው፣ እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ልጨርሰው?»

«በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጠየቀው ሽንት ቤት ነው! ሚስት እንዲህ አትጠየቅም!»

እውነቱን ለመናገር እኔ እሱንም መጠየቅ ፈልጌ ነበር።

ከቤቱ ወጥተን የመስታወት ቤቱ ገባን። ውጪ በረዶ ነው፣ ውስጥ ጽጌረዳ አብቧል። በላቸው ጽጌረዳውን ሲያይ ቅኔው መጣበት። ባርኔጣውን አውልቆ ኩታውን አስተካከለ።

«የተከበሩ አባት! በዚህ በግቢዎ ያበበች አንዲት አበባ አለች። ሽታዋ እኛ ሰፈር ድረስ ደርሷል። እሷን ለቤታችን ጌጥ፣ ለልጃችን ደስታ እንወስዳት ዘንድ እንለምናለን!»

አቤት አነጋገር! እኔ ራሴ ልጅ ቢኖረኝ እዚያው እሰጠው ነበር። ጌታሁን ደግሞ ቃል በቃል ነው የሚተረጉመው፤ ከመጽሐፉ አንዲት ነጥብ አትጉደል ብሎ ያደገ ነው። ዳግ ሰማ። ፈገግታው ጠፋ። ጣቱን ወደ ግድግዳው ጽሑፍ ዘረጋ።

«ምን አሉ?» አለ በላቸው።

«አበባ መውሰድ በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

«ለቁም ነገር ነው በለው!»

«ለማንም ነው የሚሉት። አንዱ ሲወስድ ሌላውም ይወስዳል አሉ።»

በላቸው እንደ እርጥብ ጋዜጣ ተጣጠፈ። ክንዱን ይዤ «አይዞህ፣ የመጀመሪያ ቀን እምቢታ ደንብ ነው። ቶሎ እሺ ያለ አባት ልጁን ጠልቷታል ማለት ነው» አልኩት። ሄኖክ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ታየኝ። እምቢ ከተባልን በምን ፊቴ ነው ቤቱ የምገባው?

ከዚያ ጉዞው መጣ። የግቢውን ዙሪያ፣ በእግር! ዳግ የጎማ ቦቲ ለብሷል፤ እኛ በቆዳ ጫማ ነን። በረዶው ከላይ ያምራል፣ ከሥሩ ጭቃ ነው፤ እንደ አንዳንድ ሰው። ዳገቱን ስወጣ፣ ይኼ የጌታ ግቢ መዞር ለኔ አዲስ አለመሆኑ ትዝ አለኝ። አባቴ ጭሰኛ ነበር። እኔም በልጅነቴ የጌታችንን ግቢ እየዞርኩ ነው ያደግሁት፤ ልዩነቱ ያኔ ጀርባዬ ላይ እንጨት ነበር። እዚህ አገር ሰው በዕረፍት ቀኑ፣ ወዶ፣ ባዶ እጁን ይዞረዋል። ሥልጣኔ ማለት ይኼ መሰለኝ።

ጉብታው ላይ ቆመን ዳግ ክንዱን ዘርግቶ አስረዳን። ጌትዮው ሲመጣ እዚህ ምንም አልነበረም፤ ባዶ ነበር፤ ሁሉን ያቀናው እሱ ነው። እኔ ደግሞ እግሬ ሥር ሳይ፣ ከሣሩ መሃል ድንጋዮች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። አንድ ክብ፣ እዚያ ሌላ ክብ፣ ወዲያ ሌላ።

«ይኼንን ድንጋይ ማን ነው የደረደረው ብለህ ጠይቅልኝ» አልኩት ጌታሁንን።

ዳግ ደስ ብሎት መለሰ። «ኦ! እሱ የጥንቶቹ የአገሩ ተወላጆች ድንኳን የተከሉበት ነው። በጣም ያረጀ ነው።»

«ምንም አልነበረም አላሉም? ታዲያ ድንኳኑ ውስጥ ማን ነበር በለው።»

ጌታሁን እጄን ጨበጠኝ። «ጋሼ ወንድሙ፣ በጌታ ስም! ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው። ይኼን አልተረጉምም።»

እሺ ብዬ ዝም አልኩ። የድሃ ልጅ በጌታ ግቢ ውስጥ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ይኼ ነው።

ጋጣው ጋ ስንደርስ ዳግ የጌትዮውን ፈረሶች ስም በተራ ነገረን፤ ስድስቱንም። የልብስ አጣቢዋን ስም አስጠየቅሁት። ራሱን አከከ። አልተጻፈም አለ። እኔ ይህን ጊዜ ሌላ ነገር ላይ ዐይኔ አርፏል። ሰውዬው ጋጣውን ቆለፈ። ሦስት እርምጃ ሄደ። ተመልሶ መቆለፊያውን ጎተት አደረገው። ከዚያ ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ቤቱም፣ የመስታወት ቤቱም ጋ እንዲሁ ነው ያደረገው። ሃያ ስድስት ዓመት በዘበኝነት የኖረ ሰው ይኼ አያመልጠውም!

«ወንድሞቼ፣ ይኼ ሰውዬ የግቢው ጌታ አይደለም» አልኩ።

«ታዲያ ምንድነው?» አለ በላቸው።

«ዘበኛ ነው። ጌታ ቁልፍ አይዝም፤ ይከፈትለታል እንጂ።»

«የወርቅ ሰዓቱስ?»

«ቆሟል። ስንገባም አራት ሰዓት ነበር፣ አበባው ጋም አራት ሰዓት ነበር፣ አሁንም አራት ሰዓት ነው።»

በላቸው በረዶው መሃል ቆመ። «ሦስት ሰዓት ሙሉ በእግሬ የሄድኩት… ከዘበኛ ልጅ ልለምን?»

«ከዘበኛ ጋር ሆነህ አይደል እንዴ የምትለምነው?» አልኩት።

በላቸው ኩታውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ቀደመን። እኔ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰውዬውን በልቤ አንቱ ማለት ትቼ አንተ አልኩት። ባልደረባ ነዋ! በሩን ደግሞ ሲጎትት ሳየው «ጎበዝ» ልለው ምንም አልቀረኝ።

የጉብኝቱ መጨረሻ ማድ ቤቱ ነው። ትልቅ የብረት ምድጃ ይነዳል። ሻሽ ያሰሩ አንዲት አሮጊት ሊጥ እያሹ ነበር፤ ሰማንያን ያለፉ፣ ክንዳቸው ግን የአንጥረኛ። የዳግ እናት ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በጥንቱ ምድጃ ለጎብኝ ዳቦ ይጋግራሉ። ዳግ ሦስት ወንበር ሳበልን። ገመድ የለውም! የሚቀመጡበት ወንበር! ትኩስ ዳቦ በቅቤ ተቆርጦ ቀረበ። ሽታው… አይ፣ ስለ ሽታው አልነግራችሁም።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ!» አለ ዳግ።

ይህች ናት የተጠበቀችው በር! በላቸው ደረቱን ነፋ፣ አፉን ከፈተ… ድምፅ የለም። የሦስት ሰዓት ብርድ ጉሮሮውን ዘግቶታል። እንደ ዛገ ማጠፊያ «ሲጥ» አለና ቀረ። ጌታሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዳትናገር ተብሎ ተከልክሏል። እኔ እንግሊዝኛ የለኝም። ሦስታችን ባርኔጣችንን ይዘን፣ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። ዳቦውን በእጃችን ምልክት እምቢ አልን። ዳግ ተጨነቀ። ያፈርን መሰለውና እንዲያው ደስ ይበላቸው ብሎ ከመደርደሪያው ሦስት ትናንሽ ዱባ አንስቶ ለእያንዳንዳችን አስታቀፈን። ለወቅቱ ጎብኝ ሁሉ የሚሰጥ ማስታወሻ ነው።

በላቸው ዱባውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ፊቱ በራ። በትንፋሽ ብቻ «እሺታ ነው! ስጦታ ሰጠን!» አለኝ።

ይህን ጊዜ አሮጊቷ ጮኹ። ምን መጮህ ብቻ! ሊጡን ጥለው፣ በዱቄት እጃቸው መጥተው ዱባውን ከእጃችን መነጠቅ ጀመሩ። የኔን ወሰዱ፣ የጌታሁንን ወሰዱ። በላቸው አለቅም አለ፤ ትንሽ ተጓተቱ፤ እሳቸው አሸነፉ። ከዚያ ልጃቸው ላይ ዞረው አወረዱበት። ጌታሁን ዐይኑ እየፈጠጠ ተረጎመልን፦

«አንተ ጅል! ለሽማግሌ ዱባ ትሰጣለህ? የእናቴ አገር ዩክሬን ውስጥ፣ ልጅ አንሰጥም ሲሉ ነው ሽማግሌውን ዱባ አሸክመው የሚሸኙት! እነዚህ ሰዎች ለሽርሽር የመጡ ይመስሉሃል? አይተህ አታውቅም? ባርኔጣቸውን አውልቀዋል፤ ተቀመጡ ሲባሉ አይቀመጡም፤ ዳቦ አይቀምሱም፤ ወደ ነገሩም በቀጥታ አይገቡም። እኔን ሊጠይቁ የአባቴ ቤት የመጡት እንዲሁ ነበር የቆሙት!»

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይላል ያገሬ ሰው። የኛና የሳቸው አበቃቀል ግን አንድ ነው ለካ! እኔ ላለቅስ ደረስኩ።

አሮጊቷ ወደኛ ዞረው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ለማን ነው የመጣችሁት? ለሊንዳ ነው ለኔ? ለኔ ከሆነ፣ ባሌ ከሞተ ቆይቷል፤ ረጅሙን እቀበላለሁ።»

ረጅሙ ጌታሁን ነው። ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነው። ይህችን ሲተረጉም ላብ አጠመቀው።

በላቸው ድምፅ ስለሌለው ተናገር ብሎ በዐይኑ ጠቀሰኝ። ስለዚህ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ቅኔ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። ወደ ዳግ ዞርኩና፣ «ልጃችን ሄኖክ ይባላል። ልጅዎን ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። እናቱ የአባቷን እሺታ ካልሰማች አትመርቀውም፤ እሱም ያለ ምርቃት አያገባም። ልጅዎን ለልጃችን ብለን ቆመን እንለምናለን» አልኩ። ጌታሁን ተረጎመው።

ዳግ ባርኔጣውን አወለቀና ለኛ በሳበው ወንበር ላይ እሱ ተቀመጠ።

«እኔን ነው የምትጠይቁት? ይኼ የሷ ጉዳይ እኮ ነው። የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ካፖርት ልበሺ ብላት እንኳ አትሰማኝም።»

በላቸው ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ «መልስ አይደለም!» የምትል ድምፅ ወጣችው።

አሮጊቷም ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «እሷን አልጠየቁም፤ አንተን ነው! አዎ ወይ አይ በል! ያኛውን ሰውዬ አታየውም? ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ነው!» ያኛው ሰውዬ እኔ ነበርኩ።

ዳግ ባርኔጣውን በእጁ ብዙ አዞረው። ቀስ ብሎ ተናገረ። «ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የጠየቀኝ ነገር ቢኖር ሽንት ቤቱ የት ነው የሚል ብቻ ነው። የልጄን ነገር… እሷም ራሷ አልጠየቀችኝም።» ዐይኑን በእጅጌው ጠረገ። «አዎ። እሺ። ልጁን እወደዋለሁ። እሺ በሏቸው።»

አሮጊቷ ከመሳቢያ ሦስት ጥልፍ ያላቸው ፎጣዎች አወጡና በየደረታችን አሰሩልን፤ እሺታ የሚታሰረው እንዲህ ነው አሉ። ዳኛው በላቸው የዕቃ ፎጣ ታጥቆ እንደ ኒሻን ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ። ጌታሁን ተቀመጠ። እኔ… አልታጠፍ አልኩ! ሦስት ሰዓት የቆመ ጉልበት ደርቆ ቀርቷል። ተቀመጥ ተብዬ፣ ተፈቅዶልኝ፣ ወንበሩ ከኋላዬ ሆኖ፣ እንደ ምሰሶ ቆሜ ቀረሁ። አሮጊቷ በብብቴ ገብተው፣ በጉልበታቸው ከኋላ ገፋ አድርገው፣ እንደ ዱቄት ጆንያ ቀስ አድርገው አስቀመጡኝ። ከዚያ ዳቦውን አጎረሱኝ፤ አዎ፣ በእጃቸው!

ማታ የሄኖክ እናት ደወሉ። ልጁ «እሺ ተብያለሁ» ሲል እልልታው ከስልኩ አልፎ ሳሎኑን ሞላው። ሠርጉም ሆነ።

ዛሬ ስለዚያ ቀን ብትጠይቁ፣ በላቸው በአበባው ንግግሬ ነው የተረታው ይላችኋል። ጌታሁን በመንገድ ላይ በጸለይኩት ጸሎት ነው ይላል። ዳግ ግቢውን በደንብ ስላስጎበኘኋቸው ነው ብሎ ያምናል። ሁሉም ይውሰዱት፣ አልከራከርም። ሽማግሌ ልኮ ያገባ ሰው ሁሉ ማን ቆሞ እንደለመነለት ያወራል፤ ሽማግሌውን ማን አስቀመጠው ብሎ የሚጠይቅ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እንግዲያው ሳልጠየቅ ልንገራችሁ… እትዬ ኦሌና ይባላሉ።